«ሌባ ጣት» ለምን ሌባ ተባለች?

የአውራ ጣታችን ጎረቤት በአማርኛ ሁለት ዓይነት ስም አላት። አንደኛው የጨዋ ስሟ ነው፦ ጠቋሚ ጣት ወይም አመልካች ጣት። ሁለተኛው የቤት ስሟ ነው፦ ሌባ ጣት። አሻራ ስትሰጡ «ሌባ ጣትህን እዚህ ጋ» ቢሏችሁ ስድብ እንዳይመስላችሁ።

ልብ ወለድ የምታነቡ ታውቋታላችሁ። «ሌባ ጣቱን ቀስሮ» ከተባለ ሰውዬው እየዛተ ወይም እያስጠነቀቀ ነው። «ሌባ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች» ከተባለ ደግሞ «ዝም በሉ» ማለቷ ነው።

ግን ለምን ሌባ? ማር ወይም ወጥ በስርቆት ሲቀመስ ቀድማ የምትገባው እሷ ናት። «ሌባው ያውና!» ሲባልም የምትቀሰረው እሷው ናት። ሁለቱም ያስኬዳል፤ ለእኛ የማሯ ትጥማለች።

ስሟን ያጠፋው አማርኛ ብቻ አይደለም። በአረብኛ «ሰባባ» ትባላለች፤ ቃሉ የመጣው ከስድብ ነው፣ ሰው ሲሰደብ የምትቀሰር ስለሆነች። ሙስሊሞች በሶላት ተሸሁድ ላይ የሚያነሷት ግን ይህችኑ ጣት ስለሆነ «ሙሰቢሓ»፣ ማለትም ፈጣሪን የምታወድስ የሚል ስምም አላት። አንድ ጣት፣ ተሳዳቢም አወዳሽም!

በላቲን «ኢንዴክስ» ጣቷም ነው፣ በሰው ላይ የሚጠቁም ሰውም ነው። የእኛም «ጠቋሚ» እንደዚያው። «ጥቆማ» ሲባል ቀለል ይላል፤ የሥራ ጥቆማ አለ፣ የእጩ ጥቆማ አለ። «ጠቋሚ» ሰው ላይ ሲለጠፍ ግን ይከብዳል። በደርግ ጊዜ፣ በተለይ በቀይ ሽብር፣ ጠቋሚ ማለት ጎረቤቱን ለእስር ወይም ለሞት አሳልፎ የሚሰጥ ሰው ነበር። ያንን ዘመን ያዩ ትልልቅ ሰዎች ፊት «እገሌ እኮ ጠቋሚ ነው» ብላችሁ አትቀልዱ።

ይሄን ያነሳነው በምክንያት ነው። የሰው ፎቶ ብቻ ልካችሁ «ይሄ ሌባ ነው፣ ለጥፉልን» የምትሉን አላችሁ። አንለጥፍም። ስልካችሁ ተሰርቆ ከሆነ መናደዳችሁ ይገባናል፤ ግን ለፖሊስ የተሰጠ ጥቆማ ቢያንስ ይጣራል፣ ሰውዬውም መልስ ይሰጥበታል። ፔጅ ላይ የወጣ ፊት በደቂቃ ውስጥ ስንት ቦታ ሼር ይደረጋል፤ በኋላ «ተሳስተናል» ብንል ማስተባበያውን ማን ሼር ያደርጋል?

በነገራችን ላይ፣ ሰው ላይ በሌባ ጣት መጠቆም እኛ ጋ ነውር ነው። ትልቅ ሰው ማሳየት ካለባችሁ መዳፋችሁን ዘርግታችሁ በሙሉ እጅ አሳዩ።