ከኩሽና የወጣው ሄድፎን እና ግራ ጆሮዬ

ከሁለት ዓመት በፊት ግራ ጆሮዬ መጮህ ጀመረ። ሌሊት ሰፈሩ ጸጥ ሲል፣ ቀጭን፣ የማያቋርጥ "ጢጢጢ" የሚል ድምፅ። ሐኪም ጋ ከመሄዴ በፊት ምክንያቱ ገብቶኝ ነበር። ሥራዬ ሶፍትዌር ነው፤ ቤቴ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ። ከታች ብረት በያጅ አለ፣ ከጎን ጄኔሬተር። ያንን ሁሉ ለመሸፈን የኢርፎኔን ድምፅ እስከ ጥግ ከፍቼ በቀን ስምንት ሰዓት ኮድ እጽፍ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ያስቀመጠው ገደብ 80 ዴሲቤል፣ እሱም በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ነው። እኔ በሰዓቱም በድምፁም ካለፍኩት ቆይቻለሁ።

ስለዚህ ደህና ማዳመጫ መግዛት የቅንጦት ጉዳይ መሆኑ ቀረ። ኪሴ ግን አልተለወጠም። መጀመሪያ "ኦርጂናል ነው ወንድሜ፣ ከዱባይ የመጣ" የተባልኩትን ብሉቱዝ ገዛሁ። በአራተኛው ወር የቀኙ ባትሪ ሞተ። የተበላሸ ነገር ሳልፈታ መጣል አልችልምና ከፈትኩት፦ ባትሪ፣ ቺፕ፣ ቻርጅ መቀበያ፣ ከዚያ አንዲት የሳንቲም ግማሽ የማታክል ስፒከር። የከፈልኩት ብር ከሞላ ጎደል ድምፅ ባልሆነ ነገር ላይ ነው የዋለው። "ባለ ገመዱስ?" ብዬ መቆፈር የጀመርኩት ያን ማታ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ የፈረንጆቹ ናቸው።)

ታሪኩ ኩሽና ውስጥ ይጀምራል። ናትናኤል ባልድዊን የሚባል የዩታ ሰው 1910 ላይ ለአሜሪካ ባሕር ኃይል ደብዳቤ ጻፈ፤ የሠራውን ማዳመጫም ላከ። ደብዳቤው በሐምራዊ ቀለም የተጻፈ ስለነበር ብዙም የሚታመን አይመስልም ነበር። ሲሞክሩት ግን ከነበራቸው ሁሉ የተሻለ ሆነ። ይላኩልን ብለው ሲያዙት፣ በአንድ ጊዜ ከአሥር በላይ መሥራት እንደማይችል መለሰ፤ ለምን ቢሉ የሚሠራው ቤቱ ኩሽና ውስጥ ነበራ! በእያንዳንዱ ጆሮ ክፍል ውስጥ አንድ ማይል ያህል ቀጭን የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሟል። ለእኔ ትልቁ ነገር ግን ሌላ ነው፦ ማዳመጫው የራሱ ኤሌክትሪክ አይፈልግም ነበር። ከሬዲዮው የመጣችውን ደካማ ሞገድ ብቻ ይዞ ይሠራል። ዛሬ ማታ ማታ ቻርጅ የምናደርገውን ነገር ሳስብ ትንሽ ያሳፍረኛል።

1937 ላይ በርሊን ውስጥ የኦይገን ባየር ኩባንያ ዲቲ 48ን አወጣ። ማግኔት፣ ጥቅል ሽቦ፣ ቀጭን ሽፋን፤ ሽቦው ውስጥ ሞገድ ሲያልፍ ሽፋኑ ይንቀጠቀጣል፣ አየሩን ይገፋል። እናንተም ጆሮ ላይ ያለው አብዛኛው ሄድፎን እስከ ዛሬ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ለበጀተኛ ሰው ትልቁ ምሥጢር እዚህ ጋ ይመስለኛል። ዕድሜ ጠገብ ቴክኖሎጂ ርካሽ ነው፤ ደህና አድርጎ መሥራቱን ብዙ ፋብሪካ ያውቀዋል።

1958 ላይ ጆን ኮስ በሚልዋኪ ተንቀሳቃሽ የሸክላ ማጫወቻ ይዞ ኤግዚቢሽን ላይ ቀረበ። ስቴሪዮ ሄድፎኑ የተሠራው ማጫወቻውን ለማሻሻጥ ነበር። ሰዉ ማጫወቻውን ትቶ ሄድፎኑን ወደደ። 1968 ላይ ዜንሃይዘር ኤችዲ 414ን ይዞ መጣ፣ ጀርባው ክፍት የሆነ፣ ቢጫ ስፖንጅ ያለው። 1979 ላይ ደግሞ የሶኒ ዋክማን። በጊዜው ሄድፎን ማለት ከ300 ግራም በላይ የሚመዝን ነገር ሲሆን የዋክማኑ 50 ግራም ገደማ ነበር፤ ትንሿን ባለ 3.5 ሚሊሜትር ጃክም ዓለም የለመዳት በእሱ ነው። ትልቋ እህቷ፣ ባለ 6.35ቷ፣ የ19ኛው ክፍለ ዘመን የስልክ ማዞሪያ ላይ ሴቶቹ ይሰኩት የነበረው ናት።

ኤችዲ 414 ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ገዢ የሚሸወድበት ነገር ስላለ። የኤሌክትሪክ መከላከሉ 2000 ኦም ነበር። ስልካችሁ ላይ ብትሰኩት ሹክሹክታ ነው የምትሰሙት። ካርቶን ላይ "ኦም" የሚለውን ቁጥር ሰው "ሲበዛ ጥሩ ነው" ብሎ ይገዛል፤ ሻጩም እንደዚያ ይላል። ለስልክና ለላፕቶፕ ከ16 እስከ 32 ኦም፣ ሴንሲቲቪቲው ደግሞ 100 ዴሲቤል አካባቢ ከሆነ ይበቃል። 1984 ላይ ወጥቶ ዛሬም ገበያ ላይ ያለው ኮስ ፖርታ ፕሮ 60 ነው፤ እሱም ስልክ ላይ ይሠራል።

ያ የጀርመን ፈጠራ፣ ክፍት ጀርባ፣ ድምፁ ደስ ይላል፤ ግን በያጁን ያስገባል። ለእኔ ዓይነት ቤት ዝግ የሆነው ነው የሚሆነው። እውነቱን ለመናገር የጄኔሬተሩን ጎርናና ድምፅ ዝጉም አይችለውም፤ ጆሮ ውስጥ በደንብ የሚገጥም ባለ ሲሊኮን ኢርፎን ይሻላል። እኔ ስምንት ሰዓት ጆሮዬ ውስጥ ጎማ መሸከም ስላልቻልኩ ዝግ ሄድፎን ገዛሁ፣ መርካቶ፣ ባለ 32 ኦም። ከመክፈሌ በፊት ራሴ ስልክ ላይ ያለ፣ በቃሌ የማውቀውን ዘፈን ሰማሁበት። ግራና ቀኙ እኩል መሆኑን አየሁ። ገመዱን ጃኩ ሥር እያጠማዘዝኩ ድምፁ ይቆራረጥ እንደሆነ ሞከርኩ። ሻጩ "አይበላ ጌታዬ!" አለኝ። ከጎኑ ታዋቂ ስም የተለጠፈበት ሌላ ነበር፣ በዚያው ዋጋ። ስሙ ያን ያህል ከረከሰ ፎርጅድ ነው ብዬ አለፍኩት።

2016 ላይ አፕል ከአይፎን 7 ጃኩን ሲያነሳ የኩባንያው ሰው መድረክ ላይ "ድፍረት" ብሎት ነበር። ለዚያ ድፍረት እኔ የምከፍለው የታይፕ ሲ መቀየሪያ ነው። ትንሽ ናት፣ ሁለት ጊዜ ጠፍታብኛለች።

ድምፁን አሁን ከግማሽ በታች ነው የማደርገው። የጆሮዬ ጩኸት ቀንሷል፤ አልጠፋም። ባለፈው ወር ገመዱ ልክ እንደጠበቅኩት ጃኩ ሥር ተበጠሰ። መገናኛ ያለ ልጅ ሁለት ጣት ያህል ቆርጦ፣ አዲስ ጃክ በያይዶ፣ በአሥር ደቂቃ ሰጠኝ። ገመዱ ስላጠረ አሁን ላፕቶፑን ትንሽ ወደ ራሴ አስጠግቼ ነው የምሠራው።