ሙታንን የሚቆጥር ቀመር

የበጀት ማከፋፈያ ቀመር ሳስተምር ተማሪዎቼ ያንቀላፋሉ። አልፈርድባቸውም። አንድ ቀመር ላይ ስደርስ ግን ሁሉም ይነቃሉ። ይህም የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ኤች.አይ.ቪ በደማቸው ለሚገኝ ድኾች የቤት ኪራይ ድጋፍ ያከፋፍልበት የነበረው ቀመር ነው። ለሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ከሕያዋን ጋር ሙታንን ሲቆጥር ኖሯል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንደሚታወቀው ስለ ኤድስ የመጀመሪያው የሕክምና ሪፖርት የወጣው በሰኔ 1981 ነበር። በእነዚያ ዓመታት በኒውዮርክና በሳን ፍራንሲስኮ የታመመ ሰው በመጀመሪያ ሥራውን፣ ቀጥሎም ቤቱን ያጣ ነበር። የቀረው አማራጭ የሌሊት መጠለያ ነው። በመቶዎች በሚተኙበት አዳራሽ ደግሞ የሳንባ ነቀርሳ አለ፤ የመከላከል አቅሙ ለተሟጠጠ ሰው ከጎዳናው የማይሻል። በ1986 በኒውዮርክ ክሪስቶፈር ጎዳና ቤይሊ ሆልት ሃውስ የተባለው መኖሪያ የተከፈተው ከዚህ ችግር የተነሣ ነው።

መንግሥት የነቃው ዘግይቶ ነው። በ1990 ሁለት ሕጎች ወጡ። የነሐሴው ለሕክምና ነበር። በኅዳር የወጣው የቤቶች ሕግ ደግሞ በጉያው ሆፕዋ በሚል ምሕጻር የሚታወቀውን፣ ለኤድስ ሕሙማን መኖሪያ የሚውለውን ፕሮግራም ይዞ መጣ። ለዚህ ከደከሙት የምክር ቤት አባላት አንዱ የሲያትሉ ጂም ማክደርሞት ናቸው። የአእምሮ ሐኪም ሲሆኑ ኮንግረስ ከመግባታቸው በፊት ኪንሻሳ ውስጥ በሕክምና ሙያ አገልግለዋል።

ሕጉ ከገንዘቡ 90 በመቶው በቀመር እንዲከፋፈል አዘዘ። ከ500,000 በላይ ሕዝብና ከ1,500 በላይ የኤድስ ሕሙማን የተመዘገቡበት የከተሞች ቀጣና ድርሻውን ያገኝ ነበር። ችግሩ ቀጣና መንግሥት አለመሆኑ ነው። ከንቲባ የለውም፤ ግምጃ ቤትም የለውም። ስለዚህ ገንዘቡ ለትልቁ ከተማ ይሰጥና ከተማው ለጎረቤቶቹ ሁሉ እንዲያዳርስ ይጠበቃል። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩበትን የዋሽንግተን አካባቢ እንመልከት። የዋና ከተማው አስተዳደር የሚረከበው ገንዘብ ከሜሪላንድ በከፊል፣ ሰሜን ቨርጂኒያንና የዌስት ቨርጂኒያን ጄፈርሰን ካውንቲ ጭምር ይመለከታል። አሌክሳንድሪያ ያለ ተከራይ የኪራይ ድጋፉ ከፌዴራሉ መሥሪያ ቤት ወደ ዋሽንግተን፣ ከዚያም ወደ ሰሜን ቨርጂኒያ የክልል ኮሚሽን፣ ከዚያም ወደ አገልግሎት ሰጪው ተሻግሮ ነው አከራዩ ዘንድ የሚደርሰው። በእያንዳንዱ ድልድይ ላይ የሚፈረም ውል አለ። አከራይ ደግሞ ወሩ ሲሞላ እንጂ ውል ሲፈረም አይደለም ገንዘቡን የሚፈልገው።

በዚህ ላይ በ1990ዎቹ አጋማሽ ሌላ መዋቅር ተጨመረ። የቤቶችና የከተማ ልማት መሥሪያ ቤቱ በአንድ አካባቢ ቤት አልባዎችን የሚረዱ ድርጅቶች በተናጠል ሳይሆን በጋራ አንድ ማመልከቻ እንዲያቀርቡ ጠየቀ። በ2009ም ይህ አሠራር ሕግ ሆነ። ሆፕዋ ግን በራሱ መስመር ቀረ። ይህ መለያየት ከንቱ የቢሮ ሽኩቻ ብቻ አይመስለኝም። የቤት አልባዎቹ ፈንድ በአመዛኙ ሰውየው ቤት ማጣቱን አይቶ ነው የሚረዳው። ሆፕዋ ግን በ52 ሳምንት ውስጥ እስከ 21 ሳምንት ኪራይ ከፍሎ ሰውየው ከነጭራሹ እንዳይባረር ማድረግ ይችላል። ደግሞስ የአንድን ሰው የደም ውጤት በየመጠለያው በሚነበብ የጋራ መዝገብ ላይ ማን ያሰፍራል?

ወደ ሙታኑ ልመለስ። ቀመሩ የሚቆጥረው ወረርሽኙ ከጀመረ አንሥቶ የተመዘገበውን የሕሙማን ድምር ነበር፤ የሞተም አይቀነስም። በ1990 ይህ ነውር አልነበረም፤ ከታመሙት ብዙዎቹ አይተርፉም ነበርና። በ1996 ግን ጥምር መድኃኒቶች መጡ። ከመካከላቸው ሪቶናቪር በመጀመሪያ ይዞታው ማቀዝቀዣ ይፈልግ ነበር፤ ማቀዝቀዣ ደግሞ ቤት ይፈልጋል። ሰዎች መኖር ጀመሩ፤ የወረርሽኙም ክብደት ወደ ደቡብ ግዛቶች፣ በተለይም ወደ ጥቁር ድኾች ዞረ። ገንዘቡ ግን በድሮዎቹ መቃብሮች ዙሪያ ቀረ። የኮንግረሱ የኦዲት መሥሪያ ቤት ይህን ጉድለት በ2006 በግልጽ አስቀመጠ።

መፍትሔው ሌላ አሥር ዓመት ፈጀ። እያንዳንዱ እንደራሴ ቀመሩን የሚያነበው አካባቢው የሚያጣውን ለማየት ነው። (ከ2007 በኋላ ደጋግሞ የተራዘመውን የሕዝብ ቆጠራችንን የሚያስታውስ አንባቢ ይህን ለመረዳት አይቸገርም።) ቢሆንም በኒውዮርክ እንደራሴዎች ለመፍረድ እቸገራለሁ፤ በሟቾች ቁጥር በመጣው ገንዘብ ቤት የተከፈለላቸው ሰዎች ሕያዋን ነበሩ። በሐምሌ 2016 የጸደቀው ሕግ፣ በተወካዮች ምክር ቤት 427 ለ 0 ያለፈው፣ በሕይወት ያሉት ብቻ እንዲቆጠሩና የኪራይ ዋጋና ድኽነትም እንዲታዩ ደነገገ። ሽግግሩ አምስት ዓመት ተሰጠው፤ የማንም ድርሻ በዓመት ከ5 በመቶ በላይ እንዳይቀንስ፣ ከ10 በመቶ በላይም እንዳይጨምር ተደረገ።

ይህን በክፍል ስናገር አንዲት ተማሪ ሟቾቹ ስማቸው ሲፋቅ ሁለተኛ መሞታቸው አይደለም ወይ አለችኝ። ለሃያ አምስት ዓመት ለጎረቤቶቻቸው ኪራይ ሲከፍሉ ኖረዋል ብዬ መለስኩላት። «በደቡብ ላሉትስ በእነዚያ ዓመታት ማን ከፈለላቸው?» አለች። ሰዓቱ አልቆ ነበር፤ ቀጣዩን ክፍለ ጊዜ በዚህ ጥያቄ ጀመርን።