የጥርስ አሰላለፍ መዛባትና በተማሪዎች መካከል የሚደርስ ማሸማቀቅ

የጥርስ አሰላለፍ መዛባት የሚባለው ጥርሶች ተደራርበው፣ ተራርቀው ወይም ወደ ፊት ገፍተው ሲበቅሉ፣ አለዚያም የላይኛውና የታችኛው ረድፍ ሳይገጥም ሲቀር ነው። የዘር ውርስ፣ የወተት ጥርስ ያለጊዜው መውለቅና ጣት የመጥባት ልማድ ከምክንያቶቹ ይቆጠራሉ። አብዛኛውን ጊዜ አያምም፤ የሚያመው ቅጽል ስሙ ነው። ማሸማቀቅ ደግሞ፣ ኖርዌይ ውስጥ ጉዳዩን ያጠናው ዳን ኦልቬውስ እንደበየነው፣ አቅሙ አነስ ባለ ልጅ ላይ ሆን ተብሎና በተደጋጋሚ የሚፈጸም ጥቃት ነው።

ጥናቶች

እ.ኤ.አ. በ1980 ዊልያም ሾውና ባልደረቦቹ ብሪታንያ ውስጥ 531 ተማሪዎችን አነጋግረው ነበር። 7 በመቶ ያህሉ በጥርሳቸው ምክንያት ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ይሳለቁባቸዋል። ስለ ጥርስ የሚሰነዘር ቃልም ስለ ሌላ የሰውነት ክፍል ከሚሰነዘረው ይበልጥ የሚያቆስል መስሏል። በ2011 ከ10 እስከ 14 ዓመት ባሉ 336 እንግሊዛውያን ልጆች ላይ የታተመ ጥናት ደግሞ 12.8 በመቶው ጥቃት እንደሚደርስባቸው አሳየ፤ የላይኛው የፊት ጥርሳቸው ገፍቶ የወጣ ልጆች በብዛት ተገኝተውበታል። ይሁንና ልጆቹ ጥርስ ለማስተካከል ሐኪም ዘንድ የመጡ ስለነበሩ ቁጥሩን ለተማሪ ሁሉ ማዋል አይቻልም።

ከሁሉ የሚገርመው የዮርዳኖሱ ነው። በ2013 የታተመው ይህ ጥናት አማን ውስጥ 920 የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎችን ጠይቆ 47 በመቶው ጥቃት እንደደረሰባቸው አገኘ። ከአካል ገጽታ ዋነኛው ዒላማ ጥርስ ሆነ፤ ከጥርስ ችግሮች ደግሞ ቀዳሚው በጥርሶች መካከል ያለ ክፍተት ወይም የጎደለ ጥርስ ነበር።

ክፍተት! በኢትዮጵያ ፍንጭት የቁንጅና ምልክት ነው፤ ፍንጭት ያላት ልጅ በዘፈን ትወደሳለች እንጂ አትሰደብም። በአንጻሩ “ገጣጣ” እና “ወላቃ” የሚሉት ቃላት በአማርኛም ስድብ ናቸው። እንግዲህ የትኛው ጥርስ እንደሚያስስቅ የሚወስነው የመንጋጋው ቅርጽ ብቻ አይመስልም።

ሕክምና

ሽቦ ማሰር ማሸማቀቁን ያስቆም እንደሆነ አከራካሪ ነው። በ2013 በታተመ የእንግሊዝ ጥናት ጥቃት ይደርስባቸው ከነበሩ 27 ልጆች 21ዱ ሕክምና ከጀመሩ በኋላ ጥቃቱ እንደቆመ ተናግረዋል። ግን ልጆቹ ጥቂት ናቸው፤ ዕድሜም በራሱ ብዙ ነገር ይለውጣል። ዌልስ፣ ካርዲፍ ውስጥ በ1981 የተጀመረ ጥናት 1,018 ልጆችን መዝግቦ ከ20 ዓመት በኋላ 337ቱን ሲያገኝ፣ በልጅነት ጥርስን ማስተካከል ለጎልማሳነት የሥነ ልቦና ጤንነት ያበረከተው እምብዛም ሆኖ ተገኝቷል።

የሕክምና መመዘኛ

በእንግሊዝ የመንግሥት ጤና አገልግሎት ከ18 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ነጻ ሕክምና የሚሰጠው ከ1 እስከ 5 ባለው የሕክምና አስፈላጊነት ደረጃ መሠረት ነው። 4 እና 5 ያገኘ ይታከማል፤ 3 ያገኘ እንደ ጥርሱ መልክ ይታያል። ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ ገፍቶ የወጣ የፊት ጥርስ፣ እንደ ግፊቱ መጠን፣ ደረጃ 4 ወይም 5 ውስጥ ይገባል። ልጁ በትምህርት ቤት ምን ተብሎ እንደሚጠራ የሚመዘገብበት ደረጃ የለም።