ያለቀ ወጪና የነገ ፍርድ

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ሾላ ገበያ ጎራ ብዬ ነበር። ቲማቲሙ መለስለስ ጀምሯል፤ ገበያተኛውም ሳስቷል፤ ሻጯ እናት ግን ከዋጋቸው ፍንክች አላሉም። «እማማ፣ እስከ ሰኞ እኮ ይበላሻል» ብላቸው፣ «ታዲያ ከገዛሁበት አሳንሼ ልሽጥ እንዴ፣ ልጄ?» አሉኝ። በመሠረቱ የገዙበት ገንዘብ ከእጃቸው ከወጣ ቆይቷል፤ ቢሸጡም ባይሸጡም አይመለስም። የቀራቸው ምርጫ ጥቂት ብር ይዞ መግባት ወይም የበሰበሰ ቲማቲም መድፋት ብቻ ነው።

የሥነ ልቡና ሊቃውንት ይህን ዝንባሌ የማይመለስ ወጪ ስሕተት ይሉታል። አርክስና ብሉመር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተሙት ጥናት፣ የዓመት የቲያትር ትኬት በሙሉ ዋጋ የገዙ ሰዎች በቅናሽ ካገኙት ይልቅ በመጀመሪያዎቹ ወራት አዘውትረው መገኘታቸውን አሳይተዋል። ትርኢቱ ግን ለሁሉም ያው ነበር።

የአዲስ አበባ ታሪክም ከዚህ ፈተና ጋር አንድ ጊዜ ተፋጥጧል። ከተማይቱ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ብዙ ዓመት ሳይቆይ የአካባቢው ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ ተጨፍጭፎ አለቀ። ስለዚህ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1893 ዓ.ም. ገደማ መናገሻቸውን በስተምዕራብ ወደሚገኘው አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው፣ በዚያ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ። ይሁን እንጂ በአዲስ አበባ ብዙ ገንዘብ አፍስሰው ቤት የሠሩት መኳንንትና የውጭ አገር ሌጋሲዮኖች ለመነሣት አልወደዱም፤ በፍጥነት የሚያድገው ባሕር ዛፍም የእንጨቱን ችግር እያቃለለው ሄደ።

የባለቤቶቹ ክርክር ከሻጯ ክርክር ጋር የሚመሳሰል ይመስላል፤ ነገር ግን ልዩነት አለው። የቆመ ቤት ነገም ያሳድራል፤ ስለዚህ ሊቆጠር የሚገባው የፈሰሰው ብር ሳይሆን ቤቱ ወደፊት የሚሰጠው አገልግሎት ነው። (ብዙዎቹ የቆጠሩት ብሩን ሳይሆን አይቀርም ብዬ እጠረጥራለሁ።) እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ የንጉሠ ነገሥቱ አድራጎት ነው። የተጀመረው ቤተ መንግሥት፣ የደከመው ሠራተኛ፣ ለሁሉ የተነገረው አሳብ፣ ሁሉም «ከጀመርነው እንጨርሰው» የሚያሰኝ ነበር። እርሳቸው ግን አሳባቸውን ለወጡ፤ ሕንፃውም የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

ይህን ሳነብ የራሴን ጥፋት አስታውሳለሁ። በምሥራቅ አዲስ አበባ የአንድ መኖሪያ ቤት መሠረት ስናስቆፍር፣ ግማሹ ኮንክሪት ከተሞላ በኋላ ከሥሩ ጥቁር ሸክላ አፈር እንዳለ ታወቀ። ክረምት ሲመጣ የሚያብጥ፣ በበጋ የሚሰነጠቅ አፈር መሆኑን የማያውቅ መሐንዲስ የለም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ አፍርሰን ወደ ታች እንድንወርድ መከረኝ። እኔ ግን የፈሰሰውን ሲሚንቶና ብረት በወረቀት ላይ ደምሬ አሳየሁት፤ ቁጥሩ ትልቅ ስለ ነበር ክርክሩን አሸነፍሁ። የሚቀጥለው ክረምት ከመውጣቱ በፊት ግድግዳው ከመስኮቱ ጥግ እስከ ጣሪያው ተሰነጠቀ። ለጥገና የወጣውም፣ ያን ቀን በወረቀቱ ላይ ከደመርሁት በለጠ።