ዜና ክሬምኒጻ ወርቃዊት

በመካከለኛው ስሎቫኪያ፣ በስሟ በሚጠሩት ተራሮች እቅፍ ውስጥ የተሠራችው ክሬምኒጻ በሀገሬው ዘንድ «ወርቃማይቱ» ትባላለች፤ ይህም ስም በከንቱ አልተሰጣትም፤ ከምድሯ ሆድ የወጣው ወርቅ የሀንጋሪን ነገሥታት ግምጃ ቤት ለብዙ መቶ ዓመታት ሞልቷልና። ይህ ዜና የሚጻፈው ስለ ከተማዪቱና ስለ ገንዘብ ማተሚያ ቤቷ ክብር ነው፤ ስለዚህም ምስጋናዋ በሰፊው፣ ጉድለቷ በልኩ ይነገራል። ዓመታቱም ቀኖቹም ሁሉ የተቈጠሩት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

የዛሬዪቱ ስሎቫኪያ የሀንጋሪ መንግሥት ሰሜናዊ ክፍል በነበረችበት ዘመን፣ ከአንዡ ቤት የተወለደው ካርል ሮበርት በ1308 ዙፋኑን ያዘ፤ ነገር ግን ታላላቅ መሳፍንት አገሩን ተከፋፍለውት ስለ ነበር የንግሥና ዘውድ እንጂ የንግሥና ኀይል አልነበረውም። ከእነርሱ ሁሉ የበረታው ማቴ ቻክ በ1321 ሲሞት ሰሜኑ ለንጉሡ ተገዛ፤ ንጉሡም ያለ ገንዘብ ሰላም እንደማይጸና ዐውቆ ፊቱን ወደ ማዕድን አዞረ። በ1327 ባወጣው ሥርዓት፣ ማዕድን የተገኘበት ባለ ርስት መሬቱን ከመነጠቅ ድኖ፣ «ኡርቡራ» ከሚባለው የማዕድን ግብር፣ ማለት ከወርቅ ዐሥረኛው ከብርም ስምንተኛው እጅ ለዘውዱ ከሚገባው፣ ሢሶውን እንዲወስድ ተፈቀደለት። ቀድሞ ወርቅ ያገኘ ሰው ርስቱን እንዳያጣ ፈርቶ ይደብቅ ነበር፤ ከዚህ ሥርዓት ወዲህ ግን ሁሉም ፈላጊ ሆነ። ስስትን ለመንግሥት ጥቅም ማሠራት የዚህ ንጉሥ ጥበብ ነበረ።

በ1328 ኅዳር 17 ቀን ካርል ሮበርት ለክሬምኒጻ የነጻነት ደብዳቤ ሰጠ። ደብዳቤው «እንግዶች» የሚላቸው፣ ማለት በንጉሥ ጥሪ ከሌላ አገር መጥተው የሰፈሩ ባለሙያዎች፣ በቦሄሚያ ካለችው የብር ከተማ ከኩትና ሆራ የመጡ ቆፋሪዎችና ገንዘብ ሠሪዎች ነበሩ፤ እነርሱም የኩትና ሆራን የመሰለ መብት፣ በከተማዪቱ ዙሪያም እስከ ሁለት ማይል ያለውን መሬትና ደን ተቀበሉ። ክሬምኒጻም በዚህ ደብዳቤ ነጻ የንጉሥ ከተማ ሆነች፤ ይህም ማለት ከንጉሡ በቀር ጌታ የሌላት፣ በራሷ ዳኛና በራሷ ሸንጎ የምትተዳደር ከተማ ማለት ነው፤ ከዚያም በኋላ በዚያ አካባቢ ካሉት ከሰባቱ የማዕድን ከተሞች መካከል በማዕርግ የፊተኛዪቱ ሆነች። ደኑ የተሰጣት ለጌጥ አልነበረም፤ የጕድጓድ ምሰሶ ከእንጨት፣ የማቅለጫ እሳትም ከከሰል ነውና፣ ደን የሌለው የማዕድን ከተማ ዕድሜው አጭር ነው።

በማግሥቱ ዓመት በ1329 የመጀመሪያው የብር ግሮሽ በክሬምኒጻ ታተመ፤ በ1335 ደግሞ ወርቁ ፍሎሪን ተከተለ። ያ ዓመት የሀንጋሪ፣ የቦሄሚያና የፖላንድ ነገሥታት በቪሸግራድ ተገናኝተው ስለ ሰላምና ስለ ንግድ መንገድ የተማከሩበት ዓመት ስለ ነበር፣ የክሬምኒጻ ወርቅ ለእንዲህ ያለ ማዕድ የሚበቃ ሆኖ በሰዓቱ ደረሰ። ፍሎሪኑ ከኢጣሊያዪቱ ፍሎሬንስ ገንዘብ የተቀዳ፣ ሦስት ግራም ተኩል ያህል የሚመዝንና ንጹሕ ለመሆን ጥቂት ብቻ የቀረው ወርቅ ነበር፤ መጀመሪያ በአንድ ፊቱ መጥምቁ ዮሐንስ በሌላው የአበባ ምልክት ነበረበት። በካርል ሮበርት ልጅ በሉድቪግ ዘመን ግን የመጥምቁ ቦታ ለሀንጋሪው ጻድቅ ንጉሥ ለቅዱስ ላዲስላስ ተሰጠ፤ እርሱም መጥረቢያውን ይዞ ቆሞ ይታያል። ነጋዴዎች የክሬምኒጻን ወርቅ በአውሮፓ ገበያዎች ሁሉ ያለ ጥርጣሬ ይቀበሉ ነበር፤ ነገሥታት ሲያልፉና ሥርወ መንግሥታት ሲለወጡ የወርቁ ንጽሕና ለዘመናት እንደ ነበረ ቆይቷልና። ሌሎች መንግሥታት በችግራቸው ቀን በገንዘባቸው ውስጥ መዳብ ሲጨምሩ የክሬምኒጻ ወርቅ ግን ቃሉን ጠበቀ።

የአሠራሩም ጥበብ እንዲህ ነበር። በክሬምኒጻ ወርቅና ብር ተቀላቅለው ከዓለት ስለሚወጡ አስቀድመው ይለያያሉ፤ ጠንካራ አሲድ ብሩን አሟሙቶ ወርቁን ይተወዋልና። የተለየው ወርቅ ቀልጦ በጠባብ ዘንግ መልክ ይፈስሳል፤ ዘንጉ በመዶሻ ተቀጥቅጦ ይሳሳል፤ በመቀስ እየተቈረጠም ክብ ይሆናል፤ እያንዳንዱ ክብ በሚዛን ይፈተናል፤ የከበደው በሞረድ ይላጋል፣ የቀለለው ወደ እሳቱ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ከሁለቱ የብረት ማኅተሞች አንዱ ፊቱን ወደ ሰማይ አቅንቶ በግንድ ላይ ይተከላል፤ ሠራተኛው ክቡን ወርቅ በላዩ ያስቀምጥና ሁለተኛውን ማኅተም በግራ እጁ ደግፎ በቀኙ መዶሻ ያነሣል፤ በአንድ ምት ቅዱሱ በፊት ምልክቱ በጀርባ ይታተማል። መዶሻው ሲስት ጣት ያገኛል፤ ዜና መዋዕል ግን የጣት ታሪክ አይጽፍም።

ይህ ሁሉ ሀብት ያለ ጥበቃ አልተተወም። ከአደባባዩ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ በድርብ ቅጥር የተከበበው ቤተ ግንብ ቆሟል፤ የንጉሡን የማዕድንና የገንዘብ ሥራ የሚያዝዘው ሹም፣ «የካመራ ግራፍ» የሚባለው፣ ሥልጣኑን የሚያሳየው ከዚያ ነበር። በግቢው ውስጥ ከሁሉ ጥንታዊ የሆነው በቅዱስ እንድርያስ ስም የተሰየመው ባለ ሁለት ፎቅ አፅም ማኖሪያ ነው፤ ታችኛው ክፍል ከመቃብር የወጣ አፅም የሚሰበሰብበት፣ ላይኛው ለሙታን የሚጸለይበት ቤተ ጸሎት ነበርና፣ ወርቅ የቆፈሩትና ወርቁን ያዘዙት በአንድ ጣሪያ ሥር በአንድነት ዐርፈዋል። ከአጠገቡ የእስክንድርያዋ ሰማዕት የቅድስት ካትሪና ቤተ ክርስቲያን ከፍ ብላ ትታያለች፤ የተሠራችውም ጎቲክ በሚባለው፣ ቅስቱ ሾጣጣ ጣሪያውም ከፍ ያለ በሆነው ስልት ነው፤ ውስጧም በመካከል በቆሙ ዓምዶች ለሁለት ተከፍሏል። ዛሬ በበጋ ወራት ሙዚቀኞች በኦርጋኗ ያመሰግኑባታል። የቤተ ግንቡ ቅጥር ቁልቁል ወርዶ ከከተማዪቱ ቅጥር ጋር ይገናኛል፤ ከከተማዪቱም በሮች መካከል የታችኛው በር ከፊት ለፊቱ ካለው መከላከያ ግንብ ጋር እስከ ዛሬ ቆሟል።

በ1440 የሀንጋሪ ንግሥት ኤልሳቤጥ የሦስት ወር ልጇን ላዲስላስን ዘውድ ስታስጭን ብዙዎች ሕፃኑን ትተው ለፖላንድ ንጉሥ ቢያድሩም፣ ክሬምኒጻ በቦሄሚያዊው የጦር አለቃ በያን ይስክራ እጅ ሆና ለሕጋዊው ወራሽ ጸናች። ይስክራ የሠራዊቱን ደመወዝ የከፈለው ከዚህችው ከተማ በወጣ ገንዘብ ነበር፤ መናገር ያልጀመረው ንጉሥም ስሙ ከአንደበቱ ቀድሞ በብር ላይ ተነበበ። እግዚአብሔር ታማኞችን ያስባል፤ ይስክራ ግን ከታማኝነቱ ጋር ሰፊውን የሰሜን አገር ለረጅም ዓመታት በእጁ እንዳቆየም አይካድም።

ጕድጓዱ እየጠለቀ ሲሄድ ከሰው ጠላት ይልቅ ውኃ አስቸገረ። በ1475 የሌቮቻው ተወላጅ ያን ቱርዞ ከሰባቱ የማዕድን ከተሞች ጋር ተዋውሎ ውኃ የሚቀዱ መኪናዎችን ሊተክል ገባ፤ ቤተ ሰቡም በኋላ ከአውግስቡርግ ነጋዴዎች ከፉገሮች ጋር ተባብሮ በመዳብ ንግድ የአውሮፓን ገበያ ያዘ። ለመኪናዎቹ ኀይል የሚሆነው ውኃ ደግሞ ከተራራው ማዶ፣ ከቱርቼክ አካባቢ፣ በሰው እጅ በተቈፈረ ቦይ ወደ ክሬምኒጻ እንዲፈስ ተደረገ፤ ውኃን በውኃ ማውጣት ማለት ይህ ነው። በ1525 እና በ1526 በማዕድን ከተሞቹ ስለ ደመወዝ ጥቂት ሁከት ሆኖ ጸጥ ተደርጓል።

በዚያው በ1526 የሀንጋሪ ንጉሥ በሞሃች ሜዳ በቱርኩ ሱልጣን በሱሌይማን ጦር ተሸንፎ ሞተ፤ በ1541ም የሀንጋሪ ዋና ከተማ ቡዳ በቱርኮች እጅ ወደቀች፤ የጠላት ጦር ግንባርም ወደ ማዕድን ከተሞቹ ተጠጋ። የአገሩ ገበሬዎች በምርኮ ሲጋዙ፣ መንደሮች ሲቃጠሉ፣ ክሬምኒጻ ግን ቅጥሯን አጠንክራ፣ ዘብ አቁማ፣ ወርቋንም ለጦርነቱ እየገበረች ጸናች፤ የቱርክ ሠራዊት በሮቿን አልገባም። ምስጋና ለልዑል ይሁን፤ የተራራውም ምሽግ ድርሻ አለው፤ የሀንጋሪን ዘውድ የያዙት የሀብስቡርግ ነገሥታት ይህችን ከተማ ማጣት ጦርነቱን ማጣት መሆኑን ዐውቀው መጠበቃቸውም እንዲሁ።

በዚህ የጭንቅ ዘመን የከተማዪቱ ማኅተም ቀራጮች ከገንዘብ ሌላ ሜዳልያ በመሥራት ገነኑ፤ ክርስቶፍ ፉስልን የመሰሉ ሊቃውንት የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪኮች በብር ላይ ቀረጹ። ከሁሉ ይልቅ የታወቀው የቅዱስ ጊዮርጊስ ሜዳልያ ነው፤ በአንድ ፊቱ ሰማዕቱ በፈረስ ተቀምጦ ዘንዶውን ሲወጋ፣ በሌላው ጌታ በማዕበል መካከል በታንኳ ተኝቶ ይታያል፤ ወታደርና መንገደኛም ከጥይትና ከአደጋ እንዲሰውራቸው በአንገታቸው ያስሩት ነበር።

ከ1703 ጀምሮ የሀንጋሪው መስፍን ፈረንጽ ራኮጺ በሀብስቡርግ ላይ በተነሣ ጊዜ፣ በክሬምኒጻ ስለ ነጻነት የሚል ጽሑፍ ያለበት የመዳብ ገንዘብ ታተመ፤ ስለዚህ ገንዘብ ብዙ ባይባል ይሻላል።

ከዚያ በኋላ የማሪያ ቴሬዛ ዘመን መጣ። ይህች ንግሥት በ1741 በዛሬዪቱ ብራቲስላቫ የሀንጋሪን ዘውድ ጭና እስከ 1780 ነገሠች፤ ስሟም በኢትዮጵያ ገበያ እንግዳ አይደለም፤ ጠገራ ብር የሚባለው ማርትሬዛ የእርሷ ታለር ነውና። በክሬምኒጻ የታተሙት የንግሥቲቱ ታለሮች ከከተማዪቱ የሀንጋሪኛ ስም የተወሰዱ ሁለት ፊደላት ይዘው፣ በጀርባቸው ሕፃኑን የታቀፈች እመቤታችን ነበረችባቸው፤ በቀይ ባሕር ማዶና ማዶ የተወደደው ግን ባለ ሁለት ራስ ንስር ያለበት፣ 28 ግራም ያህል የሚመዝነው፣ በጕንዝቡርግ ማተሚያ የገነነው ዓይነት ነው። ንግሥቲቱ ካረፈች በኋላም ያው 1780 የሚል ዓመት ሳይለወጥበት በልዩ ልዩ የሀብስቡርግ ገንዘብ ማተሚያ ቤቶች ታተመ፤ ክሬምኒጻም ከእነርሱ ጋር ትቈጠራለች። የሐበሻ ነጋዴ የንግሥቲቱን የትከሻ ጌጥ ዕንቍዎች ሳይመረምር አይቀበልም ነበር፤ የዳግማዊ ምኒልክ ብር በፓሪስ ሲሠራም ክብደቱ በዚሁ ታለር ልክ ሆነ።

በዚያው ዘመን ከ1765 እስከ 1772 በአደባባዩ መካከል የቅድስት ሥላሴ ዐምድ ተተከለ። ቀራጮቹ ዲዮኒስ ስታኔቲና ማርቲን ፎገርለ ከወረርሽኝ መቅሠፍት መዳንን ለማሰብ ደመናን፣ መላእክትንና ቅዱሳንን በድንጋይ አነባብረው እስከ ላይኛው የሥላሴ ምስል አድርሰዋል፤ ሥራውንም ለመፈጸም ሰባት ዓመት ፈጀ። በዚያው አደባባይ የቆመችው የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ግን በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ግድም በመሬት መላላት ምክንያት ፈርሳለች። ከሥሯ ማን እንደ ቆፈረ ከተማው ሁሉ ያውቃል።

በ1890 የከተማዪቱ ቤተ መዘክር ተመሠረተ፤ ዛሬም በሳንቲምና በሜዳልያ ስብስቡ የታወቀ ነው። የሀብስቡርግ መንግሥት በ1918 ሲፈርስ የገንዘብ ማተሚያው ለጥቂት ጊዜ ቆመ፤ በ1921 ግን የአዲሲቱ ቼኮስሎቫኪያ የመጀመሪያ ሳንቲም፣ ባለ 20 ሄለር፣ ከዚያው ወጣ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ የጀርመን ጦር መኪናዎቹን ነቅሎ ወሰደ፤ ከጦርነቱም በኋላ ከጥንት ጀምሮ የነበሩት ጀርመንኛ ተናጋሪ ነዋሪዎች አብዛኞቹ ከተማዪቱን ለቀቁ። የወርቁ ማዕድን በ1970 ተዘጋ። ገንዘብ ማተሚያ ቤቱ ግን አልተዘጋም፤ በ1993 ስሎቫኪያ ራሷን ስትችል ኮሩናውን አተመ፤ ከ2009 ጥር 1 ቀን ጀምሮ አገሪቱ የምትገበያይባቸውን የስሎቫኪያን የዩሮ ሳንቲሞችም ያትማል፤ ከፊሎቹም በሦስት ኮረብታ ላይ የቆመ ድርብ መስቀል አለባቸው።