ተርገብጋቢ ኮይል፦ ትርጉሙና አፈታተሹ

«ትሬምብለር ኮይል» በጥንታዊ መኪኖች ላይ ለካንዴላ ብልጭታ የሚያመነጭ መሣሪያ ነው። ከባትሪ ወይም ከማግኔቶ የሚመጣውን አነስተኛ ቮልቴጅ ወደ ብዙ ሺህ ቮልት ያሳድጋል። ከኋለኞቹ ኮይሎች የሚለየው ኮረንቱን የሚቆርጥለት ሌላ ዕቃ ስለማያስፈልገው ነው፤ በአናቱ ላይ ያለችው ስስ የብረት ምላስ እየተርገበገበች ራሷ ትቆርጣለች፣ ራሷ ትቀጥላለች። በአማርኛ «ተርገብጋቢ ኮይል» ብንለው ይስማማል። «ነዛሪ» ማለትም ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ይህ ቃል መጀመሪያ የሚያስታውሰን ሰው በኤሌክትሪክ መነዘሩን ነው፤ ያ ደግሞ የማንኛውም ኮይል ባሕርይ ነው። «ተርገብጋቢ» ግን ፈታሹ ዐይኑን የት ላይ መጣል እንዳለበት ይነግረዋል፤ የዚህ ኮይል ጤንነት የሚለካው በምላሷ እንቅስቃሴ ነውና።

ከሁሉ የታወቀው ምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ1908 እስከ 1927 ከ15 ሚሊዮን በላይ የተመረተው ፎርድ ሞዴል ቲ ነው። ሞተሩ አራት ሲሊንደር አለው፤ ለእያንዳንዱ ሲሊንደርም በእንጨት ሣጥን የታሸገ የራሱ ኮይል ተመድቦለታል። በፍላይዊሉ ላይ የተደረደሩት 16 ማግኔቶች ኮረንት ያመነጫሉ፤ ታይመሩ ደግሞ ተራው የደረሰውን ኮይል ከኮረንቱ ጋር ያገናኛል። ኮረንቱ በኮይሉ ውስጥ ሲያድግ መሐሉ ላይ ያለው ብረት ማግኔት ይሆንና ምላሷን ይስባል፤ ኮረንቱ የሚያልፍባቸው መነካኪያዎች ይለያያሉ፣ ኮረንቱ በድንገት ይቋረጣል፣ በዚያች ቅጽበት ካንዴላው ላይ ብልጭታ ይዘላል። ብልጭታው የሚፈጠርበትን ሰዓት በመጨረሻ የሚወስነው እንግዲህ ታይመሩ ብቻ ሳይሆን ምላሷ ለመሳብ የፈጀችው ጊዜም ነው።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ኮይሉ ከባትሪ ጋር ሲያያዝ ጮኾ ወፍራም ብልጭታ ካሳየ ደህና ነው ይሉታል። ነገር ግን የምላሷ ውጥረት በጨመረ ቁጥር እሷን ለመሳብ የበለጠ ኮረንት ያስፈልጋል፤ የበለጠ ኮረንት ሲከማች ብልጭታው ይወፍራል፤ ኮረንቱ እስኪከማች ግን ጊዜ ያልፋል። ስለዚህ ዐይንን የሚማርከው ብልጭታ የዘገየው ብልጭታ ሊሆን ይችላል። ሞተሩ በደቂቃ 1000 ዙር ሲዞር አንዱ ዙር 60 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፤ የ1 ሚሊሰከንድ መዘግየት ማለት ክራንክሻፍቱ 6 ዲግሪ አልፎ ሄዷል ማለት ነው። አራቱ ኮይሎች በየራሳቸው ልክ ከዘገዩ አራቱ ሲሊንደሮች እኩል አይገፉም፤ ሞተሩ ይንገጫገጫል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል። ሾፌሩ የብልጭታ ማስተካከያውን ቢያንቀሳቅስ አራቱን በአንድነት ያፈጥናቸዋል ወይም ያዘገያቸዋል እንጂ በመካከላቸው ያለውን ልዩነት አያጠፋውም።

መፈተሻው ራሱ ይህን እውነት ይመሰክራል። በሞዴል ቲ ዘመን በየጋራዡ ያገለገለው በእጅ የሚሽከረከር መፈተሻ እንደ መኪናው ማግኔቶ ኮረንት ያመነጫል፤ ኮይሉ የሚወስደውን ኮረንት በአምፔር ይለካል፤ ብልጭታዎቹንም በክብ ቀለበት ዙሪያ ያሳያል። ልኩ 1.3 አምፔር ነው። በአንድ ዙር 16 ብልጭታዎች በእኩል ርቀት መታየት አለባቸው። አንዱ ከጎደለ፣ ከቦታው ከተንሸራተተ ወይም ሁለት ከሆነ፣ የአምፔሩ ንባብ ትክክል ቢሆንም እንኳ ኮይሉ አልተስተካከለም።

«መልቲሜትር ካለ ይህ ሁሉ ለምን?» የሚል ይኖራል። መልቲሜትር ሽቦው መበጠስ አለመበጠሱን ይነግራል፤ ለዚያ ጠቃሚ ነው። ነገር ግን የሚፈትሸው በጥቂት ቮልት ስለሆነ በሺዎች ቮልት ጊዜ የሚሸነፈውን ያረጀ የኮረንት መከላከያ ሽፋን ላያሳይ ይችላል፤ ስለ ምላሷ እንቅስቃሴ ደግሞ ምንም አይልም። ሌላው ሙግት ይከብዳል፤ የዚያ ዘመን ሾፌሮች ድምፁን እያዳመጡ የምላሷን ውጥረት የሚያስተካክለውን ዳዶ ያጠብቁ ነበር፣ መኪናውም ይሄድ ነበር። መሄዱስ ይሄዳል። ሆኖም በጆሮ የሚያስተካክል ሰው ድምፁ እንዲጎላ ሲል ወደ ማጥበቅ ያዘነብላል፤ የጠበቀው ኮይል ከልኩ በላይ ኮረንት ይስባል፣ መነካኪያዎቹን ያቃጥላል፣ ብልጭታውንም ያዘገያል። ከዚህም በላይ ኮይሎቹ ያኔ አዲስ ነበሩ። ዛሬ በሣጥኑ ውስጥ በሬንጅ የታሸገው የወረቀት ኮንደንሰር በዕድሜ ብዛት ደክሟል፤ ኮንደንሰሩ በደከመበት ኮይል ላይ ዳዶ ማጥበቅ ሕመሙን ትቶ ምልክቱን ማከም ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው። ከፍተኛው ቮልት አደገኛ ስለሆነ ኮይሉ እየሠራ እጅ አይነካውም። መጀመሪያ ኮንደንሰሩ ይፈተሻል፣ ካረጀም ይለወጣል፤ ቀጥሎ መነካኪያዎቹ ይጸዳሉ፣ ፊት ለፊት በትክክል እንዲገጥሙም ይደረጋል፤ ውጥረቱ የሚስተካከለው ከዚያ በኋላ ነው፤ በመጨረሻም አራቱ ኮይሎች በተራ በአንድ መፈተሻ ላይ ይወጣሉ። እነዚህን መኪኖች ለሚጠብቅ ሰው የተርገብጋቢ ኮይል ፈተና «ብልጭታ አለ ወይ?» በሚለው ጥያቄ አያበቃም። አራቱም በየተራቸው፣ በእኩል ፍጥነትና ያለ ድግግሞሽ መመለሳቸውን እስኪያረጋግጥ ድረስ ሥራው አልተጠናቀቀም።