ቤተሰብ ይዞ ከተበላ ለመብረር፦ የትኛው ኤርፖርት? የትኛው አየር መንገድ?

በወላይታ ዞን የሁምቦ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው ተበላ፣ ስሟ ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ቀልድ ነው። “አገርህ የት ነው?” ሲሉኝ “ተበላ” እላለሁ፤ “ምኑ?” ይሉኛል። ለብዙ ዓመታት ከሳቂዎቹ ጋር አብሬ ስስቅ ኖሬያለሁ። በ2010 ዓ.ም. ክረምት ግን የአምስት ሰው የአውሮፕላን ትኬት በእርግጥም ተበላብኝ። ከዚያ ወዲህ ቀልዱ ብዙም አያስቀኝም።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ልጆቻችን ትምህርት ሲዘጉ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለቱ ልጆችና እናቴ ሆነን ዱባይ የምትኖረው እህቴ ዘንድ ለሁለት ሳምንት እረፍት ልንሄድ ተነሳን። እናቴ ልጇን ካየች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ትኬቱን የገዛሁት ከአዲስ አበባ ብቻ የሚነሳ፣ ከሌሎቹ ረከስ ያለ የአንድ የውጭ አየር መንገድ ነው። እናቴን ለመውሰድ ከቤተሰቤ ጋር ተበላ ወርጄ ስለነበር፣ በበረራው ዕለት ጠዋት በመኪና ተነስተን ማታ ቦሌ ልንደርስ አሰብን። በረራው ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ነው። ዘመድ አዝማድ ሊሰናበት መጥቶ፣ ቡናው ተፈልቶ፣ ምርቃቱ ሲበዛ ከቤት የወጣነው 5 ሰዓት ላይ ሆነ። ከሆሳዕና ወዲህ አንድ የጭነት መኪና መንገዱን ዘግቶ ተገልብጦ ጠበቀን። ሦስት ሰዓት ቆምን። ቦሌ ስንደርስ መስኮቱ ተዘግቷል። ትኬቱ ገንዘብ የማይመለስበት፣ ቀን የማይቀየርበት ዓይነት መሆኑን ያወቅሁት ያን ማታ ነው፤ የሸጠልኝ ወኪል አልነገረኝም፤ እኔም፣ ሕግ የተማርኩት ሰው፣ አላነበብኩትም። እናቴ ነጠላዋን እንዳጣፋች “አውሮፕላኑ እኛን ትቶ ሄደ ማለት ነው?” ብላ ጠየቀችኝ። ገንዘቡ እንደገና እስኪጠራቀም ጊዜ ወሰደ፤ ከዚያ ኮሮና መጣ፤ እናቴ ልጇን ለማየት አራት ዓመት ጠበቀች።

ከዚያ ወዲህ ቤተሰብ ይዘው የሚጓዙ ወዳጆቼ “የቱ አየር መንገድ ይሻላል?” ሲሉኝ እኔ በጥያቄ እመልሳለሁ፦ ከቤትዎ ደጃፍ እስከ መጨረሻው ኤርፖርት ባለው መንገድ አንድ ነገር ቢበላሽ ኃላፊነቱ የማን ነው? አስተማማኝ ኤርፖርትና አስተማማኝ አየር መንገድ ማለት እርስዎ በራስዎ ኪሳራ የሚሸከሙትን የመንገድ ክፍል የሚያሳጥርልዎ ማለት ነው። ቀጥሎ ያለው ይህንኑ በዝርዝር ለማስቀመጥ ነው።

ኤርፖርቱን መምረጥ

የሶዶ ሽማግሌዎች በሣር ሜዳ ላይ አውሮፕላን ሲያርፍ አይተናል ይላሉ፤ ሶዶም በዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር (አያታ) መዝገብ ውስጥ የራሷ ባለሦስት ፊደል ኮድ አላት። ይሁንና ቤተሰብ ይዞ ዕቅድ የሚያወጣ ሰው ስሌቱን መሥራት ያለበት መደበኛ የመንገደኛ በረራ ባላቸው በሦስቱ ነው፦ በአርባ ምንጭ፣ በሐዋሳና በአዲስ አበባ ቦሌ።

አርባ ምንጭ ለተበላ ሰው የቅርብ ናት። ተበላ ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ስለምትገኝ፣ በአባያ ሐይቅ ምዕራባዊ ዳርቻ በምዕራብ አባያ በኩል ወደ 100 ኪሎ ሜትር ያህል መንዳት ነው። ወደ ሰሜን ለሚሄድ ሰው ወደ ደቡብ መንዳት ኋላ መመለስ ይመስላል፤ ብዙዎች ይህን አማራጭ የሚተዉትም በዚሁ ምክንያት ነው። ነገር ግን ከተበላ በሶዶ በኩል አዲስ አበባ ለመድረስ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ማለትም አንድ ሙሉ ቀን ያስፈልጋል፤ ከአርባ ምንጭ ግን በረራው አንድ ሰዓት ያህል ነው። በክረምት ከጋሞ ተራሮች የሚወርደው ጎርፍ መንገዱን ሊያውክ ስለሚችል፣ ከተቻለ በዋዜማው ሄዶ ማደር ይመረጣል። አባያንና ጫሞን፣ ነጭ ሳር ፓርክን ለልጆች ማሳየት ደግሞ ራሱ እረፍት ነው።

ሐዋሳ ሁለተኛ አማራጭ ናት። በቦዲቲ፣ በሾኔና በሃላባ ቁሊቶ አድርጎ ሻሸመኔን አልፎ ይደረሳል። ርቀቱ ከአርባ ምንጭ ይበልጣል። የምትጠቅመው የአርባ ምንጩ በረራ ሲሞላ፣ ወይም በሐይቁ ዳር አንድ ሁለት ቀን አርፎ ለመሄድ ላሰበ ቤተሰብ ነው።

ቦሌ በመኪና መሄድ የሚያዋጣው ቤተሰቡ ብዙ ሲሆን ነው፤ አንድ ሚኒባስ አምስት ሰው ይይዛል፣ ትኬት ግን በአምስት ይባዛል። እ.ኤ.አ. በ2019 የተመረቀው ማስፋፊያ የኤርፖርቱን አቅም በዓመት 22 ሚሊዮን መንገደኛ አድርሶታል፤ የበረራ ምርጫውም ሰፊ ነው። ታዲያ ቅድመ ሁኔታው አንድ ነው፦ አዲስ አበባ አንድ ሌሊት ማደር። የሆቴሉ ወጪ ከትኬቱ ጋር አብሮ ይታሰብ። እኔ ያን ሌሊት ልቆጥብ ብዬ የከፈልኩትን ከላይ ነግሬያችኋለሁ።

አየር መንገዱን መምረጥ

በአገር ውስጥ ምርጫው አጭር ነው። በቻርተር የሚሠሩ ጥቂት የግል ድርጅቶች ቢኖሩም፣ መደበኛውን የአገር ውስጥ የመንገደኛ በረራ የሚያካሂደው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የኤርፖርቶች ድርጅትም በአየር መንገዱ ግሩፕ ሥር ስለሆነ፣ የሚያሳፍርዎትም የሚያስተናግድዎትም አንድ ቤት ነው። ስለዚህ በአገር ውስጥ የሚመረጠው ሰዓቱ ነው። የጠዋቱ በረራ ቢሰረዝ የከሰዓቱ ይኖራል፤ የመጨረሻው ሲሰረዝ ግን ከነልጆች ማደር ነው።

ወደ ውጭ ሲሆን ግን ወደ ዱባይ ብቻ እንኳ የኢትዮጵያ፣ ኤምሬትስና ፍላይ ዱባይ ከቦሌ ይነሳሉ። እዚህ ላይ ሦስት ነገሮችን አለያይቶ ማየት ያስፈልጋል።

አንደኛው ደኅንነት ነው። ይህ በወሬ አይመዘንም። አየር መንገዱ የአያታን የአሠራር ደኅንነት ኦዲት (አዮሳ) ያለፈ መሆኑንና የአውሮፓ ኅብረት ባገዳቸው ዝርዝር ውስጥ አለመኖሩን ማረጋገጥ ይቻላል፤ ሁለቱም ለሕዝብ ክፍት ናቸው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 10 ቀን 2019 በበረራ ቁጥር 302 አደጋ 157 ሰዎች ሞተዋል፤ የማንረሳው ሐዘን ነው። ምርመራው ያተኮረው በቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን የበረራ መቆጣጠሪያ ሥርዓት ላይ ነበር፤ አውሮፕላኑ በመላው ዓለም ታግዶ ማሻሻያ ከተደረገለት በኋላ አየር መንገዳችን በየካቲት 2022 እ.ኤ.አ. መልሶ ማብረር ጀምሯል።

ሁለተኛው ሰዓት አክባሪነት ነው። ደኅንነቱ የተጠበቀ አየር መንገድ ሁሉ በሰዓቱ አይነሳም፤ አንዳንዴም የሚዘገየው ለደኅንነት ብሎ ነው።

ሦስተኛውና ሰው የሚረሳው፣ ነገር ሲበላሽ ምን ያደርግልኛል የሚለው ነው። በቀን ሦስት ጊዜ ወደዚያ ከተማ የሚበር አየር መንገድ በሚቀጥለው ያሳፍርዎታል፤ በሳምንት ሦስት ጊዜ የሚበረው ግን ሁለት ቀን ያስቀምጥዎታል። ርካሹ ትኬት ብዙውን ጊዜ የዚህ የሁለተኛው ነው።

ትኬቱ ውል ነው

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1731 በሕግ አግባብ የተቋቋመ ውል ባቋቋሙት ሰዎች ላይ እንደ ሕግ ነው ይላል። ትኬትም ውል ነው። ከአርባ ምንጭ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ዱባይ በአንድ ትኬት ከገዙ አንድ ውል አለዎት፤ የአርባ ምንጩ በረራ ዘግይቶ የዱባዩ ቢያመልጥዎ ወደ መድረሻዎ የማድረስ ግዴታው የአጓጓዡ ነው። ሁለቱን ለየብቻ ከገዙ ግን ሁለት ውል አለዎት፤ የሁለተኛው አጓጓዥ ስለ መጀመሪያው ምንም አያገባውም፤ እርስዎ በእሱ መዝገብ “ያልቀረበ መንገደኛ” ነዎት። በመኪና የመጡ እንደሆነ ደግሞ ከተገለበጠው የጭነት መኪና ጋር ምንም ውል የለዎትም።

የእኔ ስህተት ይኸው ነበር። ከአርባ ምንጭ ጀምሮ በአንድ ትኬት ብንሄድ ዋጋው ጨመር ይል ነበር፤ ልዩነቱ ግን ኋላ ካጣነው ጋር የሚወዳደር አልነበረም። ትኬት ሲገዙ የሚከተሉትን ሦስት ጥያቄዎች ይጠይቁ፦ ሁሉም በረራዎች በአንድ ትኬት ናቸው? ቀን መቀየርና ገንዘብ መመለስ ይቻላል? በስንት ቅጣት? መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ። ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው የሸማቾች ጥበቃ ሕጋችን ይደነግጋል።

ሲዘገይ፣ ሻንጣም ሲጠፋ

ለዓለም አቀፍ ጉዞ ዋናው ሕግ እ.ኤ.አ. የ1999 የሞንትሪያል ስምምነት ነው፤ ኢትዮጵያም አባል ናት። በስምምነቱ መሠረት አጓጓዡ በመዘግየት ለደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ ነፃ የሚሆነው ጉዳቱን ለመከላከል ተገቢውን እርምጃ ሁሉ መውሰዱን ካስረዳ ነው። ለጠፋ ወይም ለተጎዳ ሻንጣ የካሣው ጣሪያ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 28 ቀን 2024 ጀምሮ ለአንድ መንገደኛ 1,519 ኤስ ዲ አር ነው፤ ወደ 2,000 ዶላር ይጠጋል። ይህ ጣሪያ እንጂ የሚታደል ገንዘብ አይደለም፤ ጉዳቱን ማስረዳት የእርስዎ ፈንታ ነው።

ከሁሉ በላይ ቀኖቹን አይርሱ። ለተጎዳ ሻንጣ ከተረከቡበት ቀን ጀምሮ በ7 ቀን፣ ለዘገየ ሻንጣ በእጅዎ ከገባበት ቀን ጀምሮ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት አለብዎት። ክስ ለመመሥረት ያለዎት ጊዜ 2 ዓመት ነው። መብት ያላቸው ብዙ ሰዎች የሚረቱት በፍሬ ነገሩ ሳይሆን በእነዚህ ቀኖች ነው። ለአገር ውስጥ በረራ ደግሞ ይህ ስምምነት አይሠራም፤ መነሻው የ1952ቱ ንግድ ሕግ ሦስተኛ መጽሐፍ ስለ አየር ማጓጓዝ የሚለው ክፍል ነው።

ወደ አውሮፓ ለሚሄድ ቤተሰብ የአየር መንገዱ ዜግነት ለውጥ ያመጣል። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 261/2004 ከኅብረቱ ኤርፖርት የሚነሳን ማንኛውንም በረራ ይሸፍናል፤ ወደ ኅብረቱ የሚገባውን ግን የሚሸፍነው አየር መንገዱ የኅብረቱ ሲሆን ነው። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት በሉፍታንዛ ቢሄዱ ደንቡ ይሠራል፤ በኢትዮጵያ ቢሄዱ አይሠራም፤ ከፍራንክፈርት ሲመለሱ ግን በሁለቱም ይሠራል። በዚህ ርቀት ከሦስት ሰዓት በላይ ዘግይቶ ለደረሰ በረራ፣ ከአቅም በላይ የሆነ ልዩ ምክንያት ከሌለ በቀር፣ ካሣው ለአንድ መንገደኛ 600 ዩሮ ሊደርስ ይችላል።

ከመነሳት በፊት

ስም። የወላይታ ስሞች በላቲን ፊደል ሲጻፉ በትምህርት ማስረጃ አንድ ዓይነት፣ በፓስፖርት ሌላ ዓይነት የሚሆኑበት ጊዜ አለ። ትኬቱ ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል ይመሳሰል። እኛ የአባት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም ስለሌለን እናትና ልጅ በስም አይገናኙም፤ ከወላጅ አንዱ ብቻውን ልጅ ይዞ የሚወጣ ከሆነ የልደት ምስክር ወረቀትና የሌላውን ወላጅ የተረጋገጠ ፈቃድ ይያዝ።

ሰዓት። ትኬት ላይ “ማክሰኞ 01:00” ካለ በእኛ አነጋገር ሰኞ ሌሊት 7 ሰዓት ነው፤ ከቤት የሚወጡት ሰኞ ማታ ነው ማለት ነው። ማክሰኞ ሲነጋ ሻንጣ ይዘው ቦሌ የተገኙ ቤተሰቦች አውቃለሁ።

ዕድሜ። ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን በእቅፍ ይሄዳል፤ ከመመለሱ በፊት ሁለት ዓመት የሚሞላው ከሆነ ለመመለሻው ወንበር ያስፈልገዋል። አስቀድመው ይናገሩ።

ወቅት። ለጊፋታና ለመስቀል ወደ ወላይታ የሚገባው ሕዝብ ብዙ ነው፤ መቀመጫውም ቶሎ ያልቃል። ትኬቱን የልጆቹ ፈተና ቀን እንደታወቀ ይግዙ።

ስንቅ። ዳጣና ቅቤ በእጅ ሻንጣ አይገቡም፤ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ፈሳሽም ሆነ ለስላሳ ነገር ፍተሻው ላይ ይቀራል። በደንብ ታሽጎ በትልቁ ሻንጣ ይግባ። የሚሄዱበት አገር ምግብ ማስገባት መፍቀዱንም አስቀድመው ይጠይቁ።

በ2014 ዓ.ም. በድጋሚ ተነሳን። ትኬቱ ከአርባ ምንጭ ጀምሮ አንድ ነበር፤ በዋዜማው አርባ ምንጭ አደርን፤ ተሰናባቾቹንም በአንድ ቀን ቀድመን አሰናበትናቸው። በማግስቱ የአርባ ምንጩ በረራ በደመና ምክንያት ዘገየ። እኔ ሰዓቴን ደጋግሜ ሳይ እናቴ “ይሄም ትቶን ሄደ እንዴ?” አለችኝ። “አይ እማዬ፣ ዛሬ ቢሄድ እንኳ በሌላው ይወስዱናል፤ ጽፈው ሰጥተውናል” አልኳት። ዳጣው ሳይፈስ፣ እኛም ሳንበላ ደረስን።

መልካም ጉዞ!